‹‹አባቴ የሚሠራው ዙ ነው››

በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድ እድሳትና ስለ ኢሚግሬሽን ወረቀት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ወሬዬን የምጀምረው ከቀጭኔ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ከቀጭኔ ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሆኖም ጥቂት ታገሡኝ፣ ወደ ቁጥሩም እንደርሳለን።

ነገሩ የተጀመረው በ2025 የግብር ሰሞን፣ መጋቢት ውስጥ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዋሽንግተን ዲሲ ከሃያ ዓመት በላይ የራሳቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ደንበኛዬ፣ እንደ ልማዳቸው የዓመቱን ደረሰኝ በጫማ ካርቶን ሞልተው ወደ ቢሮዬ መጡ። የሚጠብቃት ሰው ስላልተገኘ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃቸውንም አስከትለው ነበር። እኛ ስለ ቤንዚን፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ጎማ ስንነጋገር ልጅቱ ጥግ ይዛ ትሥላለች። ጠጋ ብዬ ባይ የሣለችው ቀጭኔ ነው። ‹‹ቀጭኔ ትወጃለሽ?›› ብላት ቀና ብላ፣ ‹‹አባቴ የሚሠራው እኮ ዙ ነው›› አለችኝ።

አባትየው ደነገጡ። ነገሩ ሲጣራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በኮኔቲከት ጎዳና ላይ ያለው የብሔራዊው መካነ አራዊት በር፣ እንደ ሆቴሎቹና እንደ አውሮፕላን ማረፊያው ሁሉ፣ ቱሪስት የሚወርድበትና የሚጫንበት ቦታ ነው። ባለቤታቸው ደውለው ‹‹የት ደረስክ?›› ባሏቸው ቁጥር እርሳቸው ‹‹ዙ ጋ ነኝ›› ይላሉ። ልጅቱ ይህን እየሰማች አደገች። አባቷ ዝሆን የሚያጥብ፣ ለአንበሳ ሥጋ የሚወረውር ሰው ነው ብላ ለክፍል ጓደኞቿ ስታወራ ከርማለች። ይባስ ብሎ አስተማሪዋ፣ አባትየው ትምህርት ቤት መጥተው ስለ እንስሳቱ ቢያጫውቱን የሚል ወረቀት ልካላቸዋለች።

‹‹እኔ እኮ የማውቀው በሩን ነው›› አሉኝ፣ ልጅቱ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ‹‹ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው አወረድኩበት፤ አንድ ቀን እግሬ ወደ ውስጥ አልገባም።››

‹‹ለምን?›› አልኳቸው።

‹‹ጊዜ የት አለና! አንድ ቀን ብቀር 240 ዶላር ከሰርኩ ማለት ነው። ደግሞም ልጄ ያንተ ሥራ ወንበር ላይ ነው፣ የእኔ ጎማ ላይ ነው። ጎማው ካልዞረ ገንዘብ የለም።››

እውነት ለመናገር ይህን መልስ ከእርሳቸው ብቻ አይደለም የሰማሁት። የነዳጅ ማደያ ያላቸው፣ የቅመማ ቅመምና የእንጀራ መደብር የከፈቱ፣ ምግብ ቤት የሚያስተዳድሩ ደንበኞቼ ሁሉ ቁጥሩን ይለውጡታል እንጂ አባባላቸው አንድ ነው። እኔም ብሆን ከእነርሱ አልሻልም። የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ የተወለደበትን ሰሞን በሰው ግብር ፎርም እንጂ በሌላ አላስታውሰውም። ስለዚህ ደንበኛዬን ልመክር ስነሳ ራሴንም ጨምሬ ነው።

ትምህርቴን በውጭ አገር ስከታተል፣ አንድ አስተማሪያችን ሰው ሲቀርበት የሚያጣውን ነገር መጀመሪያ በትክክል ያስላ፣ ከዚያ ይፍራ ይል ነበር። እናም ካልኩሌተሬን አወጣሁና ለደንበኛዬ የ240 ዶላሩን ነገር አብረን ዘረዘርነው። ይህ ለምሳሌ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መዝገብ ሊያስላው ይገባል።

240 ዶላሩ የሚገባው ታክሲው ሲዞር ነው። ሲዞር ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል፣ የካርድ ክፍያ ቆራጩም ድርሻውን ይወስዳል፤ ለእነዚህ 45 ዶላር ያዝን። መኪናው ባለመነዳቱ ከጎማ፣ ከዘይትና ከፍሬን የሚተርፈውን 25 ዶላር አልነው። 170 ቀረ። ከዚህ ላይ የግል ሥራ ግብር፣ ማለትም ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ የሚባለው 15.3 በመቶ አለ፤ የሚሰላው በተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ ወደ 24 ዶላር ይመጣል። የፌዴራል ገቢ ግብሩን በ12 በመቶ እርከን ብንይዘው ሌላ 20 ዶላር ግድም ነው። እንግዲህ ቤት የሚገባው 125 ዶላር አካባቢ ሆነ፤ የአካባቢውን ግብር ገና ሳንነካ። ደንበኛዬ ቁጥሩን ትኩር ብለው አዩና፣ ‹‹ይኸ ነው እንዴ የምሠራው?›› አሉ። ያ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለሌላ ቀን አቆየነው።

በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ መቅረት አያስፈልግም። በበጋ መካነ አራዊቱ በሩን የሚከፍተው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ በፈረንጆቹ ስምንት ማለት ነው። እስከ ቀትር ቢቆዩ ማታ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሥራ ይደርሱበታል። ነሐሴ ደግሞ ኮንግረስ ዕረፍት የሚወጣበት ወር ስለሆነ ከተማው ይቀዘቅዛል። ማክሰኞ ጠዋትን ማንም የታክሲ ሰው አይሳሳለትም። በዚህ ስሌት የቀኑ ኪሳራ ወደ 60 ዶላር ወረደ።

ባለ ሱቁም እንዲሁ ነው። ‹‹ግማሽ ቀን ብዘጋ የ600 ዶላር ሽያጭ ይቀርብኛል›› የሚል ደንበኛ አለኝ። የቀረበት ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። ከመቶ 25 የሚያተርፍ ከሆነ የቀረበት 150 ነው፤ ያልተሸጠው ዕቃ ደግሞ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ነገ ይሸጣል። እርግጥ ሥጋና ቅጠላ ቅጠል የሚሸጥ ሰው ይህን አይለኝም።

እናም በሐምሌ ወር አንድ ማክሰኞ ቀጠሮ ያዝን። በነገራችን ላይ ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ክረምት ነበሩ፤ ጭቃ፣ ጎርፍ፣ ጥብስ በቆሎ። እዚህ አገር ደግሞ በጋ ሆነው ቁጭ አሉ። ልጆቹ ‹‹ሰመር›› ሲሉ እኛ ‹‹ክረምት›› እያልን፣ ስለ አንድ ወር እያወራን ስንት ዓመት ሳንግባባ ኖርን።

ደንበኛዬ ታክሲያቸውን ቤት እንዲተዉ ነገርኳቸው። የመካነ አራዊቱ መግቢያ ነፃ ነው፤ በ1889 በኮንግረስ ሕግ ከተቋቋመ ጀምሮ የሕዝብ ነው። ከመሄድ በፊት ነፃውን የመግቢያ ፓስ በስልክ ማውጣት ግን ያስፈልጋል፣ ለታቀፈ ሕፃንም ሳይቀር። ነፃ ያልሆነው የመኪና ማቆሚያው ነው፤ 30 ዶላር ነው። ታክሲ ነድቶ የሚያድር ሰው ለመቆም 30 ዶላር ሲከፍል ማየት አልፈለግሁም። በቀዩ ባቡር መስመር ሄድን። ስሙ በውድሌይ ፓርክ ጣቢያ ላይም ቢጻፍ እዚያ አትውረዱ፣ ዳገት ነው። አንድ ጣቢያ ጨምራችሁ ክሊቭላንድ ፓርክ ብትወርዱ መንገዱ ሜዳ ነው። ይህን የነገሩኝ ደንበኛዬ ናቸው፤ ውጭውን ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በሩ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። አንድ ታክሲ መጥቶ ቤተሰብ አወረደ፤ ነጂው የኛው ሰው ስለነበር ሰላም ተባባሉ። ‹‹ዛሬ ምን እግር ጣለዎት ጋሼ?›› አላቸው። ‹‹ሥራ ልገባ ነው›› አሉት። ልጅቱ ሳቀች፤ ነገሩ ለካ ከመጋቢት ወዲህ በደንብ ገብቷት ነበር።

በጠዋት መምጣታችን ጥሩ ሆነ። አንበሳ አብዛኛውን ቀን በእንቅልፍ የሚያሳልፍ አውሬ ነው፤ ቀትር ላይ የመጣ ሰው የሚያየው የተኛ አንበሳ ነው። እኛ ስንደርስ ቆመው ነበር። ደንበኛዬ ወዲያው ስድስት ኪሎን አነሱ፤ አንበሳ ግቢን። ከሐረር መጥተው አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ በከረሙ ጊዜ ሌሊት ሌሊት ግሳታቸውን ይሰሙ እንደነበር ለልጆቹ አጫወቷቸው። የአዲስ አበባዎቹ ጎፈራቸው ጥቁር ነው፣ እስከ ደረታቸውና እስከ ሆዳቸው ይወርዳል ሲሉ የእኔ ልጅ አላመነም። እውነታቸውን ነው። በ2012 የወጣ ጥናት የ15 የአዲስ አበባ አንበሶችን ዘር መርምሮ ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ለልጄ ይህን ስነግረው አባቱን ሳይሆን ሰውየውን በአድናቆት አያቸው። ትንሽ ቀናሁ።

ከዚያ አቦ ሸማኔዎቹ ዘንድ ሄድን። በምድር ላይ ከሚሮጡት ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ ሆኖም ሩጫው አንድ ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም። ‹‹ይኸማ ቤንዚን ፈጂ ነው፣ ለታክሲ አይሆንም›› አሉ ደንበኛዬ። አቦ ሸማኔ አገራችንም ውስጥ አለ፤ ግልገሎቹ ግን ከአፍሪካ ቀንድ በሕገ ወጥ መንገድ እየተያዙ ወደ ዓረብ አገሮች እየተሻገሩ በሀብታም ቤት እንደ ውሻ ይታሰራሉ። በመንገድ የሚሞተው ብዙ ነው። ይህን ለልጆች መንገር ከባድ ነው፤ ደግሞም መንገዱን የምናውቀው ሰዎች ነን።

ፓንዳዎቹ ዘንድ ሰልፉ ረጅም ነው። በ1972 የመጀመሪያዎቹ ጥንድ ከቻይና ከመጡ ጀምሮ ዋሽንግተን የፓንዳ ከተማ ናት። የነበሩት በኅዳር 2023 ወደ አገራቸው ተመልሰው ባዶ ቀርቶ፣ ባኦ ሊና ቺንግ ባኦ የሚባሉት ሁለቱ አዲሶች በጥቅምት 2024 ገቡ፤ ለሕዝብ የታዩት በጥር 2025 ነው። ቁጭ ብለው ቀርከሃ ይቀረጥፋሉ፤ በቀን አብዛኛውን ሰዓት ሥራቸው ይኸው ነው። የደንበኛዬ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ከዚያ አልነቃነቅ አለ። ይበልጥ የወደድኩት እኔ ኦራንጉታኖቹን ነው። በ1995 የተሠራ የሽቦ ገመድ አለ፣ ቁመቱ ወደ 15 ሜትር ይደርሳል፤ በተራራቁ ማማዎች ላይ የተዘረጋ ነው። ኦራንጉታኖቹ ደስ ሲላቸው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በዚያ ገመድ ይሻገራሉ፣ እናንተ ከሥር ቆማችሁ። ማንም አያዛቸውም፣ ማንም አይከለክላቸውም። የሚሻገሩበትን ሰዓት የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በትናንሽ አጥቢዎች ቤት ውስጥ፣ ልጆቹ እየሳቁና እየተጸየፉ የሚያዩት አንድ እንስሳ አለ። ፀጉር የለውም፣ ቆዳው ቀይና የተጨማደደ ነው፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ ነው፣ ዓይኑ ያለ አይመስልም። ራቁቱን ያለ ፍልፈል ነው። ልጄ እንግሊዝኛውን አነበበና ‹‹ይህ ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖራል ይላል›› አለ። ደንበኛዬ መነጽራቸውን አወጡ። ጠጋ ብለው አዩት፣ ዝም አሉ፣ ከዚያም ‹‹እንዴ! ይኸ ነው ለካ!›› አሉ።

በልጅነታቸው ከሐረር ወደ ጅጅጋ ሲሄዱ፣ ሜዳው ላይ አፈር ከመሬት ውስጥ እንደ ትንሽ እሳተ ገሞራ ፊን ብሎ ሲወጣ ያዩ ነበር። መኪናው ቆሞ ወርደው ሲጠጉ ነገሩ ጸጥ ይላል። ማን አፈሩን እንደሚተፋው አንድም ቀን አላዩም። አሁን በስልሳ ዓመታቸው፣ በሰው አገር፣ በመስተዋት ውስጥ አዩት። መስመር ይዘው ዋሻ ይቆፍራሉ፣ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌሎቹ ወደ ኋላ ይጠርጋሉ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ወደ ውጭ ይረጫል። እንደ ንብ ንግሥት አላቸው፤ የምትወልደው እርስዋ ናት። ለሳይንስ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሩፔል ነው፣ በ1842፣ ከሸዋ በተገኘ ናሙና። አይጥ ሦስት ዓመት ከኖረች ብዙ ነው፤ ይህ ፍልፈል ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። ሐኪሞች ሚስጥሩን ፈልገው እስካሁን ያጠኑታል።

ደንበኛዬ ይህን ሁሉ በአማርኛ ለልጆቹ ሲያስረዱ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ያልኳቸው አማርኛ የማትናገረው ልጅ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ አባትየው ‹‹ዋሻ››፣ ‹‹አፈር››፣ ‹‹መቆፈር›› እያሉ ይመልሳሉ፤ እርስዋም ቃሉን ትደግማለች። እዚህ አገር አባት ከልጁ የበለጠ የሚያውቅበት ቦታ ጥቂት ነው። ስልኩን ልጅ ያስተካክላል፣ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ልጅ ይተረጉማል፣ ባንክ ውስጥ እንኳ ‹‹እሱ ምን አለ?›› ብለን ልጅ እንጠይቃለን። በዚያ ቤት ውስጥ ግን ተራው የአባት ነበር።

የሜዳ አህያ ነገርም ተነስቶ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካው ባለ ጠባብ መስመር የሜዳ አህያ በፈረንጆቹ ዘንድ የሚጠራው በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በግሬቪ ስም ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1882 አንድ ስለላኩላቸው ነው ስሙ የተሰጠው። ለአሜሪካም ደርሷል። የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ገብቶ የንግድ ውል ከተፈረመ በኋላ፣ በ1904 ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የዚያኑ ዓይነት የሜዳ አህያ ሰጥተዋል፤ ማደሪያውም ይኸው መካነ አራዊት ሆነ። ከእኛ ታክሲ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የገባ አገሬ ሰው አለ ማለት ነው። ዛሬ ይህ ዝርያ በዱር ከ3,000 ብዙም አይበልጥም፣ በኬንያና በኢትዮጵያ ብቻ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል። ‹የልጆች እርሻ› በሚባለው ክፍል ፈረንጆቹ ከነልጆቻቸው ተሰብስበው ካሜራ ደግነው ፎቶ ሲያነሱ፣ ምን ይሆን ብለን ተጋፍተን ብናይ ፍየልና አህያ ነው። ደንበኛዬ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ‹‹እኔ ከእነዚህ ልገላገል ብዬ አይደል እንዴ የተሰደድኩት!›› አሉ። ምሳችንን ግን ከዚያው ወንበር ፈልገን በላን፤ ምግብ ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ ባለቤታቸው ፍርፍርና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥረውልን ነበር። ውኃና ባርኔጣ አትርሱ፤ የዋሽንግተን የሐምሌ ሙቀት ከነወበቁ ቀላል አይደለም።

በሌላ ሳምንት ልጆቹ ቀጭኔ ካላየን ስላሉ ባልቲሞር ሄድን። የባልቲሞሩ መካነ አራዊት በ1876 የተቋቋመ ነው፤ መግቢያው በገንዘብ ነው። ትልቅ የአፍሪካ ፔንግዊን መንጋም አለው። እዚያ ጠባቂዎቹ ባሉበት ለቀጭኔ ቅጠል ማብላት ይቻላል። የቀጭኔ ምላስ ጠቆር ያለ ነው፣ ርዝመቱ 45 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ልጅቱ ወራት ሙሉ ስትሥለው የኖረችው እንስሳ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲመጣባት ቅጠሉን ጥላ አባቷ እግር ሥር ተደበቀች።

አባትየው አልሳቁባትም። ዝቅ ብለው ‹‹እኔ ባንቺ ዕድሜ ጅብ አብልቼ አውቃለሁ›› አሏት። አላመነችም። ሐረር ውስጥ ከግንቡ ውጭ፣ ሲመሽ፣ ጅብ የሚያበላው ሰው ጅቦቹን በስም እየጠራ እንደሚያመጣቸው፣ ሥጋውን በእንጨት አንጠልጥሎ እንጨቱን በጥርሱ ይዞ እንደሚሰጣቸው ነገሯት። እርሳቸውም ከሰፈር ልጆች ጋር ሄደው፣ ሰውየው እንጨቱን ሲያቀብላቸው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንደያዙ፣ የጅቡ ትንፋሽ ፊታቸው ላይ ሲመጣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። ‹‹ከዚያስ?›› አለች። ‹‹ከዚያማ ሥጋውን ወስዶ ሄደ። እርሱ የሚፈልገው ሥጋውን ነው፣ እኔን አይደለም። ይህም የሚፈልገው ቅጠሉን ነው።›› ተነስታ ቅጠሏን አነሳች።

እንግዲህ ቃል የገባሁት የግብር ነገር አለ፤ ይህን ክፍል ቆርጣችሁ አስቀምጡ።

በመጀመሪያ፣ ቤተሰብን ይዞ መዝናናት የንግድ ወጪ አይደለም። ‹‹ደንበኛ አብሮን ነበር›› ማለትም አያዋጣም፤ ከ2018 ጀምሮ ደንበኛን የማዝናናት ወጪ ከግብር መቀነሱ ቀርቷል። አንድ የተለየ ነገር ግን አለ። ሦስትም አራትም ሠራተኛ ያለው ባለ ሱቅ ሠራተኞቹን ሁሉ ከነቤተሰባቸው ለዓመታዊ ሽርሽር ቢወስድ ወጪው ሙሉ በሙሉ ይያዝለታል፤ ሽርሽሩ በዋነኛነት ለተራ ሠራተኞቹ መሆን አለበት እንጂ ለባለቤቱና ለዘመዶቹ ብቻ ሲሆን አይሠራም።

ሁለተኛውና ዋናው የቀን ካምፕ ነው። ብዙ መካነ አራዊት፣ የባልቲሞሩን ጨምሮ፣ በበጋ ለልጆች ካምፕ አላቸው። ልጁ ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል፤ ከጠባቂዎቹ ጋር ይውላል፣ እንስሳቱን ይማራል። ባልና ሚስት ሁለቱም ሲሠሩ ወይም ሥራ ሲፈልጉ፣ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የተከፈለ የቀን ካምፕ ክፍያ እንደ ሕፃናት መጠበቂያ ተቆጥሮ በፎርም 2441 ክሬዲት ያስገኛል። የሚታሰበው ወጪ ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ነው። እስከ 2025 የግብር ዓመት እንደ ገቢው ከ20 እስከ 35 በመቶ ነበር፤ ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ከፍተኛው ወደ 50 በመቶ ከፍ ብሏል። ለካምፕ 1,400 ዶላር የከፈለ ሰው በ20 በመቶው ብቻ ቢያስበው 280 ዶላር ከገቢ ግብሩ ይቀነስለታል። ልጁ የሚያድርበት ካምፕ ከሆነ ግን አንድ ሳንቲም አይታሰብም።

ደንበኞቼ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ክሬዲቱ የሚቀንሰው የገቢ ግብርን ብቻ ነው፤ የግል ሥራ ግብሩን አይነካም፣ ትርፉም በቼክ አይመለስም። ብዙ የታክሲ ሰዎች የገቢ ግብራቸው ከሌሎች ቅናሾች በኋላ ዜሮ ስለሚደርስ ከዚህ አይጠቀሙም፤ ካምፕ ከመመዝገባችሁ በፊት ያምናውን ፎርም አውጥታችሁ እዩ። ደግሞም የሚታሰበው ወጪ ከሁለቱ ተጋቢዎች አነስተኛ ገቢ ካለው ገቢ አይበልጥም። ግብር ለመቀነስ ብሎ ትርፉን አሳንሶ የሚጽፍ ባለ ሱቅ በዚህም ይጎዳል። ያው ሰው ነገ ወንድሙን ለማምጣት ፎርም አይ-864 ሲሞላ፣ ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ አልደርስ ሲለው ወደ እኔ መጥቶ ‹‹ምን ይሻላል?›› ይላል። ምንም አይሻልም። የግል ሒሳቤን እዚህ ላይ ላቁም፣ ተቆጣሁ።

የካምፑን የግብር መለያ ቁጥር ስትከፍሉ ዕለቱን ጠይቁ፤ በሚያዝያ ስትፈልጉት ስልክ የሚያነሳ አይኖርም። ልጁ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረው በአይቲን ቁጥርም ይሆናል። ተጋቢዎች በጋራ ማስገባት አለባቸው።

ከዋሽንግተን ውጭ ላላችሁም አንድ ቃል። ኒው ዮርክ ያላችሁ ብሮንክስ ሂዱ፤ ከ1990 ጀምሮ የሰሜን ተራሮቻችንን አስመስሎ የተሠራ ቦታ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ሳንዲያጎም በ2017 የተከፈተ እንዲሁ ያለ አለ። ጭላዳ ከእኛ አገር በቀር የትም ዱር ውስጥ የለም። የአንዱ መካነ አራዊት ዓመታዊ አባልነት ደግሞ በብዙዎቹ የሌላ ከተማ መካነ አራዊት በግማሽ ዋጋ ያስገባል፤ ዘመድ ለመጠየቅ ሌላ ግዛት የምትሄዱ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ደንበኛዬ ልጃቸው ክፍል ሄዱ። አዲሷ አስተማሪ ‹‹የመካነ አራዊት ሠራተኛ ናቸው›› ብላ ልታስተዋውቃቸው ስትል ልጅቱ ራሷ ‹‹አይደለም፣ ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ግን ጅብ ያበላል›› ብላ አረመቻት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ያን ዕለት ስንት ዶላር እንደቀረባቸው አልጠየቅኋቸውም፣ እርሳቸውም አልነገሩኝም።

በ2026 የግብር ሰሞን ካርቶናቸውን ይዘው መጡ። ከላይ የካምፑ ደረሰኝ ከነመለያ ቁጥሩ በፖስታ ተቀምጧል። የማይል መዝገባቸውን ገልጬ ሳይ ባልቲሞር የሄድንበት ዕለት በእርሳቸው ጽሕፈት አልነበረም። በትልልቅና በተጣመሙ የአማርኛ ፊደላት ‹‹ዙ፤ ለሥራ አይደለም›› ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ ትንሽ ቀጭኔ አለች።